ይስሐቅ ኒውተን በተማሪነቱ ዘመን

ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን የሚውል ተማሪ በመካከላችን በጎ ስም የለውም። አንዳንዶቻችን ኵሩ ነው እንለዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ሳይነካው አይቀርም ብለን እናዝንለታለን። ነገር ግን ብቸኝነት ለወጣት ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚወስድበት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የእንግሊዛዊውን ሊቅ የይስሐቅ ኒውተንን ሕይወት ቢመረምር ብዙ ያገኛል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒውተን በ1642 በገና ዕለት ውልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ እሱ ከመወለዱ ከሦስት ወር በፊት ሞቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሌላ ባል አግብታ ወደ ሌላ መንደር ስትሄድ ልጁን ለአያቱ ትታው ሄደች። እንግዲህ ብቸኝነትን የለመደው ገና በሕፃንነቱ ነው። ካደገም በኋላ እናቱ ገበሬ ልታደርገው ከትምህርት ቤት አስወጣችው፤ ልቡ ግን ከእርሻው ላይ አልነበረም። በ1659 በጎቹና ዐሣማዎቹ ያለ ጠባቂ ወጥተው ጥፋት በማድረሳቸው መቀጮ ከፈለ። በመጨረሻም አጎቱና አስተማሪው እናቱን ለምነው ወደ ትምህርቱ መለሱት።

በ1661 ካምብሪጅ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። እናቱ ሀብት ሳያንሳት የምትሰጠው ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ለሌሎች እየተላላከ ከሚማሩት ድኾች ተማሪዎች ጋር ተቈጠረ። በዚህ ላይ አብሮት የሚያድረው ልጅ ጠባይ አልስማማው አለ። አንድ ቀን ተክዞ ብቻውን ሲንሸራሸር ጆን ዊኪንስ የሚባል እንደሱው ያዘነ ተማሪ አገኘ። ቢጠያየቁ የሁለቱም ኀዘን ምክንያት አንድ ሆነ፤ ዊኪንስም አብሮት ከሚያድረው ሰው ሸሽቶ የወጣ ነበርና። ወዲያው አብረው ለማደር ተስማሙ፤ ሃያ ዓመት ያህልም አብረው ኖሩ።

በዚያ ጊዜ ኒውተን በማስታወሻ ደብተሩ ስለ ቀለም፥ ስለ ክብደት፥ ስለ ድምፅ፥ ስለ ሕልም ጥያቄ ይጽፍ ነበር። ማናችንም በአልጋችን ተጋድመን የምናስባቸው ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱ እሱ ጥያቄውን ይዞ መነሣቱ ነው። ፀሐይን በመስተዋት ውስጥ አተኵሮ ከማየቱ የተነሣ ብርሃኑ ከዐይኑ አልጠፋ ብሎት ለቀናት በጨለማ ክፍል ተዘግቶ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜም ቀለም እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት ወስፌ የመሰለ ነገር በዐይኑና በአጥንቱ መካከል አስገብቶ ዐይኑን ከኋላ ተጫነው። ይህን ማንም እንዳይሞክረው አደራ እንላለን።

በ1665 ቸነፈር ስለ ተነሣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የ22 ዓመቱ ኒውተን ወደ እናቱ ቤት ሄደ፤ ለጥቂት ወራት ተመልሶ ከመቈየቱ በቀር እስከ 1667 በገጠር ተቀመጠ። ዛሬ ካልኩለስ የምንለውን ሒሳብ መሠረት የጣለው፥ ፖም ከዛፍ ሲወድቅ አይቶ ምድር ጨረቃንም እንደምትስብ ማሰብ የጀመረው በዚያን ወራት ነው። በእነዚሁ ዓመታት የብርሃንን ነገር መረመረ። መስኮቱን ዘግቶ፥ በትንሽ ቀዳዳ የገባውን ጨረር ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ መስተዋት አሳለፈው። ግድግዳው ላይ ክብ ይሆናል ብሎ የጠበቀው ብርሃን ቁመቱ የወርዱን አምስት እጥፍ ሆኖ ታየ። ለምን ረዘመ ብሎ በመጠየቁ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ መሆኑን ደረሰበት።

ብቸኝነት የሰጠው ይህን ነው። የወሰደበትስ? በ1669 ገና በ26 ዓመቱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ቢሆንም፥ ያገኘውን ለሰው ማሳየት ይፈራ ነበር። በ1672 ስለ ብርሃን የጻፈውን ሮበርት ሁክ ቢነቅፍበት ተቈጥቶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በ1684 ኤድመንድ ሃሌይ ካምብሪጅ ድረስ መጥቶ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚሄዱበት መንገድ ምን ቅርጽ እንዳለው ጠየቀው። ኒውተን ሞላላ መሆኑን አስቀድሞ አስልቶ ነበር፤ ወረቀቱን ግን ፈልጎ አጣው። ሃሌይ እየጐተጐተ አጻፈው፤ የማሳተሚያውንም ወጪ ከኪሱ ከፍሎ በ1687 ታላቁ መጽሐፍ ወጣ። በ1693 ደግሞ ኒውተን እንቅልፍ አጥቶ አእምሮው ታወከ፤ ወዳጆቹንም ያለ ጥፋታቸው የሚወቅስ ደብዳቤ ጻፈላቸው። በኋላ ድኖ ይቅርታ ጠየቀ። ሚስት ሳያገባ ኖሮ በ1727 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

እንደኛ አስተያየት፥ ኒውተን ያለ ብቸኝነቱ ያን ሁሉ ባላገኘም ነበር፤ ያለ ዊኪንስና ያለ ሃሌይ ግን ያገኘው ሁሉ ከክፍሉ ባልወጣም ነበር። ስለዚህ በመካከላችን ብቻውን በሚውለው ተማሪ ላይ አናፊዝበት፤ ጨርሰንም አንተወው። አንዳንድ ጊዜ በሩን አንኳኵተን ምን እያሰበ እንደ ሆነ እንጠይቀው፤ ፈልጎ ያጣው ወረቀት ይኖረው ይሆናልና።