አክሊሉ ለማ፤ የእንዶድ ኬሚስትሪና የማስረጃ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን ስርጭት ያጠኑ የነበሩት ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ የሞቱ የውኃ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኙ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ሳሙናው የበሽታውን ሰንሰለት ሊበጥስ እንደሚችል ተገነዘቡ።

በጅግጅጋ የተወለዱት አክሊሉ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አጠናቀው፣ በ1966 በአዲስ አበባ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ።

የፍሬው ኃይል የሚመነጨው ሳፖኒን ከሚባሉ አረፋ ፈጣሪ ውህዶች ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። መሠረቱ ኦሊያኖሊክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ ስሙን ከወይራ የወሰደው ውህድ በሜዲትራኒያን ሕዝቦች ማዕድ በወይራ ፍሬ ልጣጭ ውስጥ ይገኛል፤ ለጤና ስላለው ጠቀሜታም ይጠናል። ይኸው ውህድ በእንዶድ ውስጥ ከስኳር ሰንሰለቶች ጋር ተያይዞ ነው ሌላ ጠባይ የሚይዘው። ባልተወቀጠው ፍሬ ሳፖኒኖቹ በሁለት ቦታ ስኳር የያዙና በቀንድ አውጣ ላይ ደካማ ናቸው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጥና ገዳዩ ውህድ ይፈጠራል። በአልኮል ሲጨመቅ ግን ይህ ለውጥ አይካሄድም። የአድዋ ሴቶች ልማድ፣ ሳያውቁት እንኳ ቢሆን፣ ከቤተ ሙከራው ዘዴ የተሻለ ኬሚስትሪ ነበር።

ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህን የመሰለ ውጤት ማግኘቱ ግን ተቀባይነትን አላስገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲስ አበባ የተሠራውን የመርዛማነት ጥናት በቂ አድርጎ አልወሰደውም፤ ዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ መስፈርትም ለድሃ አገር ተቋም የማይደረስ ነበር። በዚያው ወቅት ዋጋው ውድ የሆነ የፋብሪካ ኬሚካል ሲመከር ቆየ። ጥንቃቄው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። ነገር ግን መስፈርቱን ለማሟላት የሚያስችለው ገንዘብ እስኪገኝ ዓመታት ባከኑ።

በ1989 አክሊሉና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የሐይቆችን የውኃ ቧንቧዎች የሚደፍን ሌላ ባለዛጎል እንስሳ በእንዶድ እንደሚጠፋ ተረጋግጦ ፓተንት ወጣ። አክሊሉ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ቢመዘገቡም፣ ፍሬውን ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች ከጥቅሙ ድርሻ አልነበራቸውም።

አክሊሉ በ1997 አረፉ። እንዶድ በቢልሃርዚያ መቆጣጠሪያነት በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል አላዩም።