ኦስካር ባርናክ፥ ትንሿን ካሜራ የሠራ መካኒክ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ አንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን የመረጥሁት አንድ በሽተኛ መካኒክ ነው። ስሙ ኦስካር ባርናክ ይባላል። ከሐብሩ ወረዳ ተማሪ ጋራ ምን እንዳገናኘው ወደ መጨረሻው እገልጻለሁ። የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ኦስካር ባርናክ በጀርመን አገር፥ በብራንደንቡርግ ግዛት፥ ሊኖቭ በምትባል መንደር ኅዳር ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 1879 ዓ.ም. ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የመካኒክነት ሙያ ተማረ። በ1902 ዓ.ም. በዬና ከተማ በሚገኘው በታወቀው የካርል ዛይስ የመነጽር ፋብሪካ ተቀጠረ። እጁ ለጥቃቅን ሥራ የተፈጠረ ነበር ይባላል። ነገር ግን አስም የሚባለው የመተንፈሻ በሽታ ዕድሜውን ሙሉ አሠቃየው።

ባርናክ በዕረፍቱ ቀን በጫካና በተራራ እየዞረ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራ ማለት ትልቅ ሣጥን ነው። ሥዕሉ የሚያርፈው 13 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ስለ ሆነ፥ ሣጥኑን፥ ሰሌዳዎቹንና ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለጤነኛ ሰው እንኳ ፈተና ነበር። ትንፋሽ ለሚያጥረው ለባርናክማ ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ኔጋቲቩ ትንሽ ሆኖ በኋላ በማጉላት ትልቅ ሥዕል የሚገኝበትን መንገድ ማሰላሰል ጀመረ። እነሆ፥ ለአንድ ትልቅ ፈጠራ መነሻ የሆነው ሀብት ወይም ሥልጣን ሳይሆን የአንድ ሰው ድካም ነው።

በጥር ወር 1911 ዓ.ም. በቬትስላር ከተማ ወደሚገኘው ወደ ኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ተዛወረ። ይህ ፋብሪካ ማይክሮስኮፕ በመሥራት የታወቀ ነው። ባርናክም በዚያ ከሲኒማ ፊልም ጋራ ተዋወቀ። የሲኒማውን ሥዕል ስፋት እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ኔጋቲቭ የሚቀበል፥ በኮት ኪስ የሚገባ ካሜራ በ1914 ዓ.ም. ገደማ አዘጋጀ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ሥራው ለዓመታት ቆመ።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን በገንዘብ ችግር ተጨንቃ ሳለ፥ የፋብሪካው ባለቤት ሁለተኛው ኤርንስት ላይትስ በ1924 ዓ.ም. ካሜራው በብዛት እንዲሠራ ወሰነ። ከአማካሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ መጫወቻ የምትቆጠር ካሜራ ገበያ አታገኝም ብለው ተቃውመው ነበር። ውሳኔው ግን ጸና። በ1925 ዓ.ም. በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበች። ላይትስ ከሚለው ስምና ካሜራ ከሚለው ቃል ተቀናብሮ ላይካ ተባለች። ሌንሷን የቀመረላት ማክስ ቤሬክ የተባለው የፋብሪካው ሊቅ ነው።

ይሁን እንጂ ትንሿ ካሜራ አንድ ጉድለት ነበረባት። ባለቤቱ የሚነሣው ሰው ስንት ሜትር እንደሚርቅ በዐይኑ ገምቶ ሌንሱን ማስተካከል ነበረበት። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ሌንሱ እየተፈታ በሌላ የሚለወጥ ሆነ። ሩቁን አቅርበው የሚያሳዩ ቴሌፎቶ የሚባሉ ሌንሶችም መጡ። በእነዚህ ሌንሶች ደግሞ ግምት ዋጋ የለውም። ባርናክና ባልደረቦቹ መፍትሔውን በ1932 ዓ.ም. በሁለተኛዋ ላይካ ላይ አወጡት። ይኸውም ከሌንሱ ጋራ የተያያዘ የርቀት መለኪያ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት አንባቢ አውራ ጣቱን ወደ ፊት ይዘርጋና መጀመሪያ በቀኝ፥ ቀጥሎ በግራ ዐይኑ ብቻ ይመልከተው። ጣቱ ከቦታው የዘለለ ይመስለዋል። ጣቱ ሲቀርብ ዝላዩ ይበዛል፥ ሲርቅ ያንሳል። ካሜራይቱም እንደዚሁ በሁለት መስኮቶች ታያለች። በአንደኛው መስኮት የገባው ምስል በመስተዋት ተመልሶ በሌላው ላይ ይደረባል። ሌንሱ ሲዞር በውስጥ ያለች ትንሽ ክንድ እየተገፋች መስተዋቱን ታዞራለች። ሁለቱ ምስሎች አንድ በሆኑ ጊዜ ሌንሱ በትክክለኛው ርቀት ላይ ደርሷል ማለት ነው።

የመለኪያው ትክክለኛነት በሁለቱ መስኮቶች መካከል ባለው ርቀትና ምስሉ በሚጎላበት መጠን ይወሰናል። በላይካ መስኮቶቹ የሚራራቁት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በዚያው በ1932 ዓ.ም. ተወዳዳሪው የዛይስ ኢኮን ፋብሪካ ያወጣው ኮንታክስ ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረው። የላይካ ሰዎች በ1933 ዓ.ም. ምስሉን አንድ ጊዜ ተኩል የሚያጎላ የመለኪያ መነጽር ጨምረው ጉድለቱን አቃለሉ።

ባርናክ ብዙ ሳይቆይ በጥር ወር 1936 ዓ.ም. በ56 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያን ጊዜ አገራችን በፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ላይ ነበረች። ወረራው ሊጀመር በተቃረበበት በ1935 ዓ.ም. አልፍሬድ አይዘንሽቴት የተባለ ጋዜጠኛ ላይካውን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ካነሣቸው ሥዕሎች አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊት አይታይበትም፥ ነገር ግን የዚያን ዘመን ሰው ጽናትና ችግር ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጥ ይናገራል። ባርናክ ራሱ ይሠራባት የነበረች አንዲት የሙከራ ካሜራ በ2022 ዓ.ም. በቬትስላር በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ እመለሳለሁ። በወልዲያ ፎቶ ቤት የነበረው አጎቴ ሁለት መስኮት ያላት አሮጌ ካሜራ ከ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋራ ሰጠኝ። የብርሃን መግቢያው እስከ 2 ቁጥር ይከፈታል። ከመርሳ ወጣ ብሎ በገጠር የሚኖሩትን ወንድ አያቴን በቤታቸው ውስጥ፥ በር አጠገብ አስቀምጬ አነሣኋቸው። ቤቱ ጨለም ያለ ስለ ነበር ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ርቀቱ 2 ሜትር ያህል ነበር። ዐይናቸው ላይ ሁለቱን ምስሎች አንድ አደረግሁ። ከዚያም ስለ ጋቢያቸው አለባበስና ስለ አቀማመጣቸው ብዙ ነገር አዘዝኋቸው። እርሳቸውም የምለውን ለመስማት ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፥ እኔም ያን ጊዜ ማንሻውን ተጫንሁ።

ፊልሙ በሰው እጅ አዲስ አበባ ተልኮ ታጥቦ እስኪመጣ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። አያቴ በዚያ መካከል ዐረፉ። ሥዕሉ ሲደርስ የጋቢው ጥለት በትከሻቸው ላይ ክር በክር ይቈጠራል፥ ፊታቸው ግን እንደ ጭጋግ ነው።

እኔ ጥፋቱን በካሜራይቱ ላይ ጣልሁ። አጎቴ ግን ከመፍረዴ በፊት እንድፈትናት አዘዘኝ። መጀመሪያ ሌንሱን ወደ ሩቅ ርቀት አዙሬ ከመርሳ ወዲያ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ የስልክ ምሰሶ አየሁባት። ሁለቱ ምስሎች አንድ ሆኑ። ቀጥሎ የልብስ ሰፊ ሜትር በጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ዘረጋሁና በ50 ቁጥር ላይ ክብሪት አቆምሁ። ካሜራይቱን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፥ ቀዳዳውን ሙሉ ከፍቼ፥ ክብሪቱ ላይ አስተካክዬ አነሣሁ። ፊልሙ ሲመለስ ከሁሉ ይልቅ ጠርቶ የታየው ክብሪቱ ነበር። ካሜራይቱ አልዋሸችም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን በስሌት አገኘሁት። በ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ፥ በ2 ቁጥር ቀዳዳ፥ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢሆን 19 ያህል በሆነ ነበር። ቀዳዳውን ወደ 8 ቁጥር ብዘጋው ደግሞ 90ውም ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አያቴ ጎንበስ ያሉት ከአንድ ጋት አይበልጥም፥ እርሱም በቂ ሆነ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሌንስ የሚያነሣ ሰው ልብሱንና አቀማመጡን አስቀድሞ ይጨርስ፤ ቁልጭ ያለ ቀጥ መስመር፥ ለምሳሌ የዐይንን ጠርዝ፥ ይምረጥ፤ ምስሎቹን አንድ እንዳደረገ ሳይዘገይ ይጫን፤ ሰውዬው ከተነቃነቀ እንደ ገና ያስተካክል።

በፋሲካ ሰሞን ሴት አያቴን በግቢያቸው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፥ ቀዳዳውን ወደ 5.6 ዘግቼ አነሣኋቸው። የዐይናቸው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። እርሳቸው ግን ያን ሥዕል ተቀብለው በሣጥን ውስጥ አኖሩት። በግድግዳው ላይ የሰቀሉት የባላቸውን ነው። ጋቢውን የፈተሉት ራሳቸው ስለ ሆኑ፥ ፊቱ ባይታይም የማን እንደ ሆነ ያውቁታል።

ባርናክ ድካሙን ሳያማርር ወደ ሥራ ለወጠው፥ የሠራውንም ሳይፈትን አልተወውም። እኛ የዛሬ ተማሪዎችም መሣሪያውን ከመውቀሳችን በፊት እጃችንን እንመርምር። የምናከብራቸው ሰዎች ደግሞ በሕይወት ሳሉ ሥዕላቸውን በጥንቃቄ እናንሣ።