ሊንከን ጥሏት የወጣት ወንበር

አብርሃም ሊንከንን በፕሬዚዳንትነቱ ነው የምናውቀው አይደል? ይቺ ግን ከዚያ በፊት የሆነች ናት።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1854 ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ተመረጠ። ልቡ ግን ሴኔት ላይ ነበር። ያኔ ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ የምክር ቤቱ አባል ሆኖ መወዳደር ደግሞ አይቻልም። ወር ሳይሞላው ወንበሩን ለቀቀ።

ደጋፊዎቹ ተዘናግተው ነው መሰለኝ፣ በዲሴምበሩ የማሟያ ምርጫ ወንበሯን ዴሞክራቶች ወሰዷት!

በፌብሩዋሪ 1855 ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ሊንከን በመጀመሪያው ዙር መራ፤ ለማሸነፍ ግን ጥቂት ድምፅ ጎደለው። በ9ኛው ዙር 15 ሰው ብቻ ቀረው። ባርነት እንዲስፋፋ የማይፈልገውን ላይማን ትራምቡልን ምረጡ ብሎ የራሱን ሰዎች ለቀቀለት። ትራምቡል በ10ኛው ዙር አሸነፈ።

ባለቤቱ ሜሪ ግን የትራምቡልን ሚስት፣ የገዛ ሚዜዋን፣ በዚሁ ተቀየመቻት።