የአየርላንዱ መሪ የፓርኔል መነሣትና መውደቅ

የሕዝብን አደራ የተሸከመ ሰው ቤቱና አደባባዩ ተለያይተው አይኖሩም። በስውር የሠራው በተገለጠ ጊዜ ዕዳው በራሱ ላይ ብቻ ሳይወሰን አደራ ለሰጠው ሕዝብ ይተርፋል። የቻርልስ ስትዋርት ፓርኔል ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል።

ፓርኔል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ዊክሎ በሚባለው የአየርላንድ አውራጃ ከባለርስት ቤተ ሰብ ተወለደ። እርሱ ፕሮቴስታንት፥ ከሕዝቡ የሚበዛው ግን ካቶሊክ ነበረ፤ ይሁን እንጂ በ1875 ዓ.ም. በሎንዶን ፓርላማ እንደራሴ ከሆነ በኋላ ሕዝቡ በሃይማኖት ሳይለየው መሪው አድርጎ ተቀበለው። በ1879 ዓ.ም. የተቋቋመው የመሬት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ከመሬታቸው ስለሚነቀሉት ጭሰኞች ተከራከረ፤ ስለዚህም በ1881 ዓ.ም. በደብሊን ታስሮ በሚከተለው ዓመት ተፈታ። በ1885 ዓ.ም. ምርጫ 86 እንደራሴዎች ከእርሱ ጋራ ስለ ቆሙ፥ ከሁለቱ ታላላቅ የእንግሊዝ የፖለቲካ ወገኖች አንዱም ያለ እርሱ ድጋፍ ጸንቶ ሊገዛ አልቻለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶንም በ1886 ዓ.ም. አየርላንድ የውስጥ አስተዳደርዋን ራስዋ እንድትመራ የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ አቀረበ፤ ረቂቁ ግን በ30 ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

በ1887 ዓ.ም. ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ፓርኔልን ከነፍሰ ገዳዮች ጋራ የሚያስተባብር ደብዳቤ አትሞ አወጣ። ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑ በ1889 ዓ.ም. በመርማሪ ዳኞች ፊት ስለ ተረጋገጠ፥ ክብሩ ከቀድሞው ይልቅ ከፍ አለ።

ሐሰት ያልጣለውን ሰው እውነት ጣለው። ፓርኔል ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሻምበል ኦሼይ ሚስት ከሆነችው ከካተሪን ጋራ በስውር ተወዳጅቶ ልጆች ወልዶ ነበር። ባልዋም ብዙ ዓመት ሳይከስ ቆይቶ በ1889 ዓ.ም. መጨረሻ የፍች ክስ አቀረበ። ፓርኔል ነገሩ ክብሩን እንደማይነካ ለወዳጆቹ ቢነግራቸውም፥ በ1890 ዓ.ም. ክሱ በተሰማ ጊዜ አልተከራከረም፤ ፍርዱም ለባልየው ሆነ።

ከግላድስቶን ደጋፊዎች ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ጥብቅ ስለ ነበሩ፥ ፓርኔል በመሪነት ቢቆይ የአየርላንድ ጉዳይ እንደሚሰናከል ግላድስቶን አስታወቀ። የአየርላንድ ካቶሊክ ጳጳሳትም ለመሪነት አይገባም ብለው ወሰኑ። ለጥቂት ጊዜ ገለል እንዲል ወዳጆቹ ቢለምኑት እንቢ አለ። ከዚህ የተነሣ 45 ያህል እንደራሴዎች ተለዩት፤ ከእርሱ ጋራ የቀሩት ግን ከ30 ያነሱ ነበሩ። በ1891 ዓ.ም. ካተሪንን በሕግ አገባት፤ በተከታታይ በተደረጉት የማሟያ ምርጫዎችም ያቀረባቸው ሰዎች ተሸነፉ። ጤናው ታውኮ ሳለ በዝናብ ውስጥ ለሕዝብ ሲናገር ቆይቶ፥ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ45 ዓመቱ ሞተ።

ወገኑ ተከፋፍሎ እስከ 1900 ዓ.ም. አልታረቀም። የሚበዛው የአየርላንድ ክፍል ራሱን ማስተዳደር የጀመረው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሹመትን የሚቀበል ሰው ሁለት ነገር ያስተውል፤ የሚሰውረው ነገር አንድ ቀን በጠላቱ እጅ የሚገባ መሣሪያ መሆኑን፥ በበደሉ የተያዘ ጊዜም ከራሱ ክብር የሕዝቡን ጉዳይ ማስቀደም እንዳለበት።