ኡሙ አይመንና የሀገሯ ቂጣ



ከጌጫ ወጥታችሁ ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ የምትማሩ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ። ከቤት ቆጮ ወይም ጎደሬ ሲላክልን ብዙ ጊዜ ለብቻችን እንበላዋለን፤ ሰው ፊት ለማቅረብ እናፍራለን። ኬክ የተቆረሰ ቀን ግን ፎቶው ወዲያው ይለጠፋል። ዛሬ የሀገሯን ምግብ ከሁሉም ለሚበልጡት ሰው ሳታፍር ስላቀረበች አንዲት ሐበሻዊት እናት እናስታውስ።

ስሟ በረካ ቢንት ሠዕለባ ነው፤ የምትታወቀው ግን ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) በሚለው ስም ነው። በትውልዷ ሐበሻ ስትሆን መካ ውስጥ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባት በዐብዱላህ ቤት አገልጋይ ነበረች። ዐብዱላህ ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ። ነቢያችን 6 ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋእ በምትባል ቦታ አረፉ። እናታቸውን መንገድ ላይ ያጡትን ሕፃን ይዛ መካ ያደረሰችው በረካ ናት። አያታቸው ዐብዱልሙጠሊብ ተቀበሏቸው፤ እርሷም መንከባከቧን አልተወችም።

ነቢያችን ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ኡሙ አይመንን ነፃ አወጧት። ዑበይድን አግብታ አይመንን ወለደች። በኋላም ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳን (ረ.ዐ) አግብታ ኡሳማን ወለደች። ነቢያችንም እንደ እናት ያከብሯትና ቤቷ ድረስ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር።

ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ቀን ኡሙ አይመን ዱቄት በወንፊት ነፍታ ቂጣ ጋገረችላቸው። ምን እንደሆነ ጠየቋት። በሀገሯ የሚሠራ ምግብ መሆኑንና ለእርሳቸውም ልትጋግርላቸው እንደወደደች ነገረቻቸው። እርሳቸውም ወንፊቱ ያስቀረውን መልሳ ከዱቄቱ ጋር እንድታቦካው ነገሯት።

ሱብሃነላህ! የሀገሯን ምግብ አልናቁም፣ ስጦታዋንም አልገፉም። የተዉት ማሳመሩን ብቻ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ፣ ወንፊት እንዳልነበራቸውና ገብሱን ፈጭተው ገለባውን በትንፋሽ እፍ ይሉት እንደነበር ገልጸዋል።

ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ ነቢያችን ሊጠይቋት ሄደው የሚጠጣ ነገር አቀረበችላቸው። ሳይቀበሏት ሲቀሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። ካልጎረስክ ብለው የሚቆጡ እናቶቻችን ትዝ አሉን አይደል? እርሳቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የምታውቅ እናት ስለሆነች ነው እንዲህ የደፈረቻቸው።

ይህቺ እጅ በኡሑድ ዘመቻ (3 ዓመተ ሂጅራ) ለተጠሙት ውኃ አድላለች፣ ቁስለኞችንም አክማለች። በ8 ዓመተ ሂጅራ ባሏ ዘይድ በሙእታ፣ ልጇ አይመን በሑነይን ሸሂድ ሆኑ። ነቢያችን ካለፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እርሳቸው ያደርጉት እንደነበረው ሊጠይቋት ሄዱ። አልቅሳ አገኟት። ያስለቀሳት ወሕይ ከሰማይ መውረዱ መቋረጡ እንደሆነ ስትነግራቸው እነርሱም አብረዋት አለቀሱ።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ፎቶ መለጠፍ በራሱ ክፉ አይደለም። ለእናታችን ሙያ ያለንን ፍቅር ማሳያ ሊሆን ይችላል። ግን ፎቶውን መቶ ሰው አይቶት የጎረሰው አንድም ሰው ካልነበረ፣ ምግቡን አሳየነው እንጂ አላካፈልነውም። ኡሙ አይመን የሀገሯን ቂጣ ይዛ የሄደችው ወደምትወዳቸው ሰው ነው። እኛ ለስልካችን ፊልተር የምንመርጥለትን ምግብ፣ ነቢያችን ከነገለባው ወደውታል።

ስለዚህ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከቤት የመጣውን ቆጮ እንፍታው። ጎደሬም ከሆነ ጎደሬውን እናቅርብ። ቤተሰቡ የራቀበትን፣ ስንቅ ያለቀበትን፣ ጎረቤት ሆኖ ስሙን እንኳ ያልጠየቅነውን ልጅ እንጥራ። ሾርባ ስንሠራ ውኃውን አብዝተን ለጎረቤት እንድናካፍል ያዘዙን ነቢይ ተከታዮች ነን። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አላህ ኡሙ አይመንን ይውደድልን፤ ቤታችንንም እንግዳ የማይርቀው፣ ማዕዳችንንም በረካ ያለው ያድርግልን። አሚን።