ሁለት መንግሥታት የፈረዱባቸው ጄኔራል

ክረምቱ በርትቷል። የቮልጋ ወንዝ ዳርቻ በበረዶ ተሸፍኗል። በስታሊንግራድ ከተማና በዙሪያዋ ሩብ ሚሊዮን ያህል ወታደሮች በሶቪየት ጦር ተከበዋል። መንገዱ ተዘግቷል፤ ስንቅ መንምኗል። ፈረሶች መኖ አጥተው ይወድቃሉ፤ የወደቁት ፈረሶችም ለተራበው ወታደር ምግብ ይኾናሉ። ከሂትለር የሚመጣው ትዕዛዝ ግን አንድ ነው፤ ጦሩ ከያዘው ስፍራ ንቅንቅ እንዳይል።

ይህን ትዕዛዝ በጽሑፍ የሞገቱ አንድ ጄኔራል ነበሩ፤ ቫልተር ፎን ዛይድሊትዝ። ዘመኑ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 1942 ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ዛይድሊትዝ ነሐሴ 22 ቀን 1888 በሃምቡርግ ተወለዱ። ወገናቸው ከፕሩሺያ መኳንንት ነው፤ በታላቁ ፍሬድሪክ ዘመን ስሙ የገነነ የፈረሰኛ ጦር አዛዥም ከዚሁ ቤተሰብ ወጥቷል። ለገበሬ ልጅ መሬት ርስቱ እንደኾነ ሁሉ፣ በዚያ ቤት ለተወለደ ልጅም ወታደርነት ርስቱ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ መኮንንነት ተዋጉ።

በ1934 የጀርመን ወታደር ሁሉ አዲስ መሐላ እንዲምል ተደረገ። መሐላው ለሀገር ወይም ለሕግ ሳይኾን ለአንድ ሰው፣ ለአዶልፍ ሂትለር ነበር። ዛይድሊትዝም እንደ ጓዶቻቸው ማሉ። በመሐላቸው ጸንተውም በ1940 በፈረንሳይ፣ በ1941 በሶቪየት ምድር 12ኛውን እግረኛ ክፍለ ጦር መርተው ዘመቱ።

በ1942 የጸደይ ወራት በዴምያንስክ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ጀርመናውያን ተከበቡ። ዛይድሊትዝ ከውጭ ኾነው ከበባውን የሚሰብረውን ጦር መሩ፤ መተላለፊያ መንገድም ከፈቱ። ሂትለር ግን ከዚህ ድል የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ። በዴምያንስክ የተከበበው ጦር በአየር ስንቅ ሲቀርብለት ስለነበር፣ የትኛውንም የተከበበ ጦር በአውሮፕላን መቀለብ ይቻላል ብሎ አመነ። ዛይድሊትዝ ደግሞ የከበባን ክፋት ከማንም በላይ አወቁ።

ስታሊንግራድ ስትከበብ ዛይድሊትዝ በስድስተኛው ጦር ሥር የ51ኛው ኮር አዛዥ ነበሩ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ኸርማን ጎሪንግ ጦሩን በአየር እንደሚቀልብ ለሂትለር ቃል ገባ። ይደርሳል የተባለው በቀን 500 ቶን፣ በእኛ ልማድ 5 ሺህ ኩንታል ነበር። የደረሰው ግን በአማካይ ከ1 ሺህ ኩንታል እምብዛም አልዘለለም። የጎተራውን ልክ የሚያውቅ ገበሬ የዚህን ስሌት ፍጻሜ ለመገመት አይቸገርም።

ዛይድሊትዝም ፍጻሜውን አስቀድመው አዩት። ኅዳር 25 ቀን 1942 ለስድስተኛው ጦር አዛዥ ለፍሬድሪክ ፓውሉስ ጽሑፍ አቀረቡ። ያለውን ነዳጅ፣ ጥይትና ምግብ ቆጥረው፣ ጦሩ ከበባውን ሰብሮ ካልወጣ እንደሚጠፋ አስረዱ። ከሂትለር ፈቃድ ባይገኝ እንኳ አዛዡ ለጦሩና ለሕዝቡ ባለበት ኃላፊነት በራሱ ሊወስን እንደሚገባው አመለከቱ። ፓውሉስ አልተቀበሏቸውም፤ ትዕዛዙን ጠብቀው ቆዩ።

በጥር 1943 መጨረሻ ዛይድሊትዝ በሥራቸው ላሉ አዛዦች፣ እጅ መስጠትን በተመለከተ እንደየኹኔታው ራሳቸው እንዲወስኑ ፈቀዱ። በዚህም ሥልጣናቸው ተነጠቀ። ጥር 31 ቀን ተማረኩ። በስታሊንግራድ 91 ሺህ ያህል ጀርመናውያን ተማርከዋል፤ ወደ ሀገራቸው የተመለሱት 6 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ረሃብ፣ ብርድና ተስቦ ሌላውን ፈጀው።

በሐምሌ 1943 በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ፣ በስደት የሚኖሩ ጀርመናውያን ኮሚኒስቶችና ምርኮኞች የነጻ ጀርመን ብሔራዊ ኮሚቴን መሠረቱ። ጄኔራሎቹ መጀመሪያ ለመግባት እምቢ አሉ፤ ለማረካቸው ጠላት ማገልገል ውርደት መስሎ ታይቷቸው ነበርና። ሶቪየቶች ግን ተስፋ ሰጧቸው፤ የጀርመን ጦር ሂትለርን አስወግዶ ጦርነቱን ካቆመ ሀገራቸው ሳትቆራረጥ እንደምትተርፍ ነገሯቸው። ዛይድሊትዝም ከብዙ ማመንታት በኋላ ወሰኑ። በመስከረም 1943 የጀርመን መኮንኖች ማኅበር ሲመሠረት ሊቀ መንበሩ ኾኑ።

ከዚያ ወዲህ በሬዲዮና በበራሪ ወረቀት የጀርመን ጦር ከሂትለር እንዲለይ ጥሪ አቀረቡ። በየካቲት 1944 በኮርሱን የተከበቡት ጀርመናውያን የስታሊንግራድ ዕጣ እንዳይደርስባቸው ተማጸኑ። ሰሚ ግን አላገኙም። በምርኮ አብረዋቸው ካሉት መኮንኖች ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩባቸው።

ዋጋው ከባድ ነበር። በሚያዝያ 1944 የጀርመን ጦር ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። ባለቤታቸው ተገድደው ፈቷቸው፤ ኋላም ቤተሰባቸው ታሰረ። ሐምሌ 20 ቀን 1944 በሂትለር ላይ የተደረገው የግድያ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ፓውሉስም በነሐሴ ወር በሂትለር ላይ ድምፃቸውን አሰሙ። ያ ድምፅ ግን ዘገየ፤ ስድስተኛው ጦር ከጠፋ አንድ ዓመት ተኩል አልፎት ነበር።

በሌላ በኩል ሶቪየቶች የሰጡትን ተስፋ ረሱት። ዛይድሊትዝ ከምርኮኞች የጀርመን ጦር እንዲቋቋም ያቀረቡት ሐሳብ ውድቅ ኾነ። ጀርመን ተሸንፋ ምሥራቃዊ ግዛቷን አጣች፤ ማኅበሩም በኅዳር 1945 ፈረሰ። በ1950 ደግሞ ያገለገሏቸው ሶቪየቶች ራሳቸው በጦር ወንጀል ከሰሷቸው፤ 25 ዓመት እስራትም ተወሰነባቸው።

ዛይድሊትዝ በጥቅምት 1955 ከእስር ተፈትተው ወደ ምዕራብ ጀርመን ተመለሱ። በ1956 የናዚው የሞት ፍርድ ተሻረላቸው። የቀድሞ ጓዶቻቸው ግን አልሻሩላቸውም፤ ከዳተኛ ብለው ራቋቸው። ሚያዝያ 28 ቀን 1976 በብሬመን አረፉ። የሶቪየቱን ፍርድ ሩሲያ የሻረችው በ1996፣ እርሳቸው ካለፉ ከ20 ዓመታት በኋላ ነው።

ዛይድሊትዝ ነውር የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። ወረራውን ሲመሩ ኖረው፣ ከሂትለር ጋር በይፋ የተለያዩት ከተማረኩ በኋላ ነው። የሶቪየቶችንም ተስፋ አምነው ተታለሉ። ኾኖም ኅዳር 25 ያን ጽሑፍ ሲያቀርቡ ምርኮኛ አልነበሩም፤ የሚያስገድዳቸው ሶቪየትም በአጠገባቸው አልነበረም። በእጃቸው የነበረው የስንቅ ቁጥርና በሥራቸው ያለው የወታደር ነፍስ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው የገቡት መሐላ ያን ሁሉ ነፍስ ሊያስከፍል እንደማይገባው የተረዱት በዚያች ዕለት ነው። የዘገየ ቢኾንም፣ እርሳቸው ያዩትን ለማየት ፓውሉስ ሌላ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ፈጅቶባቸዋል። በመካከሉ የረገፈው ወታደር ግን ለማየት ዕድል አላገኘም።