ለደከመች እህት የወለተ ጴጥሮስ ሕይወት



በየስብሰባችን የቁጠባው ሒሳብ ተነቦ ቡና ሲፈላ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ቃል አለ፤ ድካም። ውሃ ፍለጋ ሄዳ የተመለሰችው፣ የታመመ ልጅ ታቅፋ ያደረችው፣ በድርቁ ከብቶቿን ጨርሳ ከባዶ የጀመረችው፣ ሁሉም ደክማለች። ክርስቲያን የሆንን ሴቶች ደግሞ ሌላ ሸክም እንጨምርበታለን። ደክሞኛል ማለት እምነት ማነስ እየመሰለን ዝም እንላለን። ስለዚህ ለዚህ እትም የመረጥኩት ብዙ የደከመች፣ ብርታቷንም ደጋግማ ያገኘች የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ታሪክ ነው። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕቤያ ይባላሉ። ገና በልጅነቷ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አዛዥ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። የምትበላው፣ የምትለብሰው፣ የሚያገለግላት ሰው አላጣችም፤ ልቧ ግን ማረፊያ አጣ። ጾምና ጸሎት አበዛች፤ ያላትን ለድሆች መስጠት ጀመረች። ሀብትና ክብር በሞላበት ቤት ሰው እንዲህ ሊደክም እንደሚችል የእርሷ ታሪክ ያሳየናል።

በመጨረሻም በመነኮሳት እርዳታ በስውር ከቤቷ ወጥታ ሄደች። ባሏ ወታደሮቹን ይዞ ተከተላት፤ በተሸሸገችበት አገር ያለው ሕዝብም በወታደሮቹ ተጎዳ። እርሷም ሌላው በእኔ ምክንያት አይጎዳ ብላ ተመለሰች። ከዚያ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሱት ጋር ቆመው በጦርነት ተገደሉ፤ ባሏ ደግሞ በንጉሡ ወገን ነበር። ከዚህ በኋላ አብራው መኖር አልቻለችም። ተለያዩ፤ እርሷም መነኮሰች። ይህን የምተርክላችሁ ትዳራችሁን ፍቱ ለማለት አይደለም። ከቤት ስትወጣም ሆነ ስትመለስ ስንት እንደከፈለች እንድታስተውሉት ነው።

ዕረፍቷ በአንድ ቀን አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ የምንኵስና ጊዜያት ግን አንድ ትልቅ ስጦታ አገኘች፤ ይኸውም እኅተ ክርስቶስ የምትባል ጓደኛ ናት። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ቤቷን ትታ የመነነች ሴት ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው፣ ገና ከሩቅ ሲተያዩ ዘመናቸውን ሙሉ የሚተዋወቁ ያህል ልባቸው በፍቅር ተሞላ። ከዚያ ወዲህ አብረው ጸለዩ፣ አብረው ሠሩ። ጓደኝነታቸው የተቋረጠው በወለተ ጴጥሮስ ሞት ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ስንደክም በር ዘግተን ብቻችንን መሆን እንፈልጋለን። ወለተ ጴጥሮስም ብቸኝነትን ትወድ ነበር፤ የሚያጸናት ግን በጎኗ የምትቆም እህት እንደሆነች በኑሮዋ ታየ።

በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ሕዝቡንም ወደዚያው አስገደደ። ወለተ ጴጥሮስ የአባቶቿን እምነት አልለቅም አለች፤ ሌላውም እንዲጸና እየዞረች አስተማረች። ንጉሡ ፊት ቀረበች። ፓትርያርኩ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ብዙ ደከመ፤ እርሷ ግን በአቋሟ ጸናች። በመጨረሻ በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው ሞቃት ቆላ ወደ ዠበይ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ኖረች። በማኅበራችን ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ካቶሊክም፣ ፕሮቴስታንትም አለን፤ ሙስሊም እህቶችም አሉን። የቆየውን ጠብ ያነሳሁት ማንንም ለመንካት አይደለም። በኃይል የሚጫን እምነት ለማንም ዕረፍት እንደማይሰጥ ግን ሁላችንም የምንስማማበት ይመስለኛል።

የቆላን ሙቀትና የውሃን ችግር ለእኛ ለዱብሉቅ ሴቶች ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ያ የግዞት በረሃ ግን ለወለተ ጴጥሮስ መጨረሻ አልሆነም። ወሬዋን የሰሙ ሴቶችና ወንዶች እየተከተሏት መጡ፤ የመጀመሪያው ማኅበሯም በዠበይ ተመሠረተ። እርሷ የምትመኘው በጫካ ተሰውራ ለብቻዋ መጸለይ ነበር። የብዙ ሰው እናት ሁኚ የሚል ጥሪ ሲመጣባት፣ ገድሏ እንደሚነግረን፣ አቅም የለኝም ብላ ለክርስቶስ አቤት አለች። እርሱም እንደሚረዳት ቃል ገባላት። እህቶቼ፣ ይህችን ቦታ ልብ በሏት። ቅድስት የምንላት ሴት ከአምላኳ ፊት አልችልም አለች፤ አልተቆጣትም። ሸክሙን አላነሳላትም፤ የምትሸከምበትን ኃይል ግን ሰጣት።

በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ወለተ ጴጥሮስ ያን ጊዜ አርባ ዓመቷ ነበር። ከግዞት ከተመለሰች በኋላ ቀሪውን ዕድሜዋን በጣና ዙሪያ ማኅበራትን በማቋቋምና በመምራት አሳለፈች፤ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ስፍራዎች። ከዠበይ ጋር ሰባት ማኅበራት ይቆጠሩላታል። በማኅበሯ ንብረት የጋራ፣ ማዕድም የጋራ ነበር። የመኳንንት ልጅ ሆና ሳለ እህል ትፈጭ፣ ውሃ ትቀዳ፣ እንጨት ትሸከም ነበር። በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ቀብራለች፤ እርሷም ደጋግማ ታማለች። ነገር ግን የጸሎት ሰዓቷ በሥራ ብዛት አልተነካም፤ ሥራውንም ብቻዋን አልያዘችውም።

ይህን ስናገር የእኛው ኤላ ትዝ ይለኛል። በጥልቁ ኤላ ውስጥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲውን እየዘፈኑ ይቀባበላሉ። ከውሃው እስከ ገንዳው ድረስ አንድ ሰው ብቻውን ልውጣበት ቢል ወገቡ ይቆረጣል፤ ከብቱም ሳይጠጣ ይውላል። በሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚቀበለው ከአንድ እጅ፣ የሚያቀብለውም ለአንድ እጅ ነው። ሲደክመው ሌላው ቦታውን ይይዝለታል፤ ዘፈኑም አይቋረጥም። የወለተ ጴጥሮስ ማኅበርም እንዲህ ያለ ሰልፍ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ለሦስት ወራት ያህል ታማ፣ በኅዳር 17 ቀን፣ በሃምሳ ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው በጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በሬማ ደሴት ነው። ማኅበሩን የመምራት ኃላፊነት በእኅተ ክርስቶስ ላይ ወደቀ። የአንዲቱ ጉልበት ሲያልቅ የሌላዋ ትከሻ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የሚያውቋትን ጠይቆ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ገድሉ በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ በውጭው ዓለምም ይነበባል።

ከዚህች እናት ለእኛ የሚሆነን ምንድን ነው? አንደኛ፣ አልችልም ማለት ጸሎት ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ማለት አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ ከቀኑ ውስጥ ለጸሎትና ለዝምታ የምንተወው ሰዓት ከሥራ የተሰረቀ አይደለም፤ ሥራው የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንዲት እኅተ ክርስቶስ ያስፈልገናል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመር፤ ጓደኛዋ ስትታመም ወይም ስትወልድ ሌላዋ ውሃዋን ታምጣላት፣ መዋጮዋን ታድርስላት፣ በጸሎትም ታስባት። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የላካችሁልን ገንዘብ ሲደርሰን ከሰልፉ ውስጥ አንድ እጅ እንደተጨመረልን እንቆጥረዋለን።

ለደከማችሁት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ። ሰላም ሁኑልኝ።